የውሻ ሐሞት ከረጢት በዘይት አይታጠብም

ደማቸው ውስጥ ስብ የበዛባቸውን ውሾች ሐሞት ከረጢት ስለመንከባከብ የሚያወራ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የደም ስብ የሐሞት ጠጠር ይፈጥራል፤ ሴረሙ (ደሙ ረግቶ ሲለይ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ) ጥርት ካለ ስጋት የለም፤ ስብን ከምግቡ ጨርሶ ማውጣት፣ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ቀን ማስጾም፣ የወይራ ዘይትና ሎሚ አጠጥቶ ከረጢቱን «ማጠብ» ያድናል፤ ካልሆነም ኡርሶ የሚባለው መድኃኒት ያቀልጠዋል፤ ውሻው እስካልታመመ ድረስ ቀዶ ሕክምና ማሰብ አያስፈልግም፤ ከረጢቱ ከወጣ ደግሞ ውሻው ዕድሜ ልኩን ምግብ መፍጨት ያቅተዋል። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አንጠራጠርም፤ ትክክል የሆኑበትም ቦታ አለ። ችግሩ የሰውን ሐሞት አንሥተው በውሻ ሆድ ውስጥ ማስቀመጣቸው ነው። ቀሪው ስሕተት ሁሉ ከዚያ ይመነጫል።

ከጠጠሩ እንጀምር። የሰው ሐሞት ጠጠር በአብዛኛው ኮሌስትሮል ነው። የውሻ ሐሞት ግን ኮሌስትሮሉ አነስተኛ ስለሆነ ጠጠር የሚገኝበት ውሻ ጥቂት ነው፤ ሲገኝም ብዙውን ጊዜ ከካልሲየምና ከቢሊሩቢን የተሠራ ነው፤ አብዛኛውም ለሌላ ጉዳይ በተደረገ ምርመራ ላይ በአጋጣሚ የሚታይ ነው። ደሙ የሰባ ውሻ ያለው ሰው ሊፈራ የሚገባው ጠጠርን ሳይሆን ሙኮሲልን ነው። ይህ ቃል በጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተነሣም።

ሙኮሲል ምን እንደሆነ ለማወቅ በቀዶ ሕክምና የወጣን ከረጢት ከፍቶ ማየት ይበቃል። ጤነኛ ከረጢት ሲሰነጠቅ ቢጫማ አረንጓዴ ፈሳሽ ይወርዳል። ሙኮሲል ያለበት ሲሰነጠቅ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ጥቁር አረንጓዴ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ረጋ ጄሊ በቢላ የሚቆረጥ ነገር የከረጢቱን ቅርጽ እንደያዘ ተላቆ ይወጣል። ይህ ከከረጢቱ የውስጥ ሽፋን የመነጨ ንፍጥ ነው። ሽፋኑ ይወፍራል፣ ያለ ልክ ንፍጥ ያመነጫል፣ ንፍጡ ከሐሞቱ ጋር በድርብርብ እየረጋ ይጠነክራል። ከረጢቱ ይወጠራል፤ የግድግዳው ደም ሥሮች ይታፈናሉ፤ ግድግዳው በቦታው ይሞትና ይቀደዳል። አንዳንዴ ደግሞ የረጋው ነገር ወደ ሐሞት ቱቦው ተንሸራቶ ይወትፈዋል።

ስቡ እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል? ሙኮሲል የያዛቸውን ውሾች ካልያዛቸው ጋር ያነጻጸረ ጥናት ኮሌስትሮላቸው ወይም ትራይግሊሰራይድ የተባለው ሌላው የደም ስባቸው ከፍ ባለ ውሾች ላይ የበሽታው ዕድል በ3 እጥፍ አካባቢ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ስቡ ንፍጡን ያመጣዋል ወይስ ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው የሚለው ክርክር ግን ገና አልተቋጨም። የሐሞት ከረጢታቸው በደንብ የማይጨመቅ ውሾች ላይ አተላ (በሐሞቱ ውስጥ የሚዘቅጥ ወፍራም ነገር) እና ሙኮሲል እንደሚበዛ ይታወቃል። በዝርያ በኩል ሼትላንድ ሺፕዶግ፣ ትንሹ ሽናውዘር፣ ኮከር ስፓኒየል፣ ቦርደር ቴሪየር፣ ፖሜራኒያንና ቺዋዋ በብዛት ይነሣሉ። ከእነዚህ ውስጥ ትንሹ ሽናውዘር በዘሩ ትራይግሊሰራይድ የሚበዛበት ውሻ ነው፤ ዕድሜው ሲገፋም ይብስበታል።

ስለዚህ ስብ የበዛበት የደም ውጤት በእጃችሁ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከየት መጣ?» ነው። የታይሮይድ ማነስ፣ ኩሺንግ (ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ያለ ልክ የሚበዛበት በሽታ)፣ የስኳር በሽታ፣ የቆሽት ብግነት፣ ፕሮቲን የሚያፈስ ኩላሊት፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ እንዲሁም እንደ ፕሬድኒሶሎንና ፌኖባርቢታል ያሉ መድኃኒቶች ሁሉ የደም ስብን ከፍ ያደርጋሉ። የታፈነ የሐሞት ቱቦም ራሱ ኮሌስትሮልን ያንራል። ኩሺንግን ለብቻው ማንሣት ይገባል፤ በአንድ ጥናት ኩሺንግ ያለባቸው ውሾች ሙኮሲል የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ 29 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ብዙ ውኃ የሚጠጣ፣ ሆዱ የተንዘረጠጠ፣ ጠጉሩ የሳሳ ውሻ ላይ የስብ ውጤቱን ብቻ ይዞ ምግብ መቀየር ዋናውን በሽታ መሸፈን ነው። ታይሮይዱ ሲታከም ሙኮሲሉ ያለ ቀዶ ሕክምና የጠፋላቸው ውሾች ተመዝግበዋል፤ ቁጥራቸው ግን በጣት የሚቆጠር ስለሆነ በዚያ ተስፋ ጥሎ መቀመጥ አይገባም።

ሁለተኛው ነጥባቸው ይበልጥ ያሳስበናል፤ ሰውን ከምርመራ ያስቀራልና። «ሴረሙ ጥርት ያለ ከሆነ ስብ የለም፤ ደሙም በማንኛውም ሰዓት ሊቀዳ ይችላል» ይላሉ። ሴረምን የሚያደፈርሰው ትራይግሊሰራይድ እንጂ ኮሌስትሮል አይደለም። ኮሌስትሮሉ ጣሪያ የነካ ውሻ ሴረሙ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። ትራይግሊሰራይዱም ቢሆን 200 ሚሊግራም በዴሲሊትር አካባቢ እስኪደርስ ድረስ በዓይን አይለይም፤ ወተት የሚመስለው ከ1,000 ሲያልፍ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ የበላ ውሻ ደም ለሰዓታት ስብ ይሸከማል፤ ይህ በሽታ አይደለም። ሊታመን የሚችለው 12 ሰዓት ሙሉ ምንም ሳይቀምስ የተቀዳ ደም ነው። ውኃ ይጠጣ። መድኃኒት የተጠቀለለባት አንዲት ጉርሻ ግን ጾሙን ትገድፋለች፤ ብዙ ውጤት የሚበላሸው በዚህች ነው። ጾሞም ሴረሙ ከደፈረሰ የናሙናውን ቱቦ አቁሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ብዙ ይናገራል። ጠዋት ላዩ ላይ ክሬም የመሰለ ነጭ ሽፋን ሠርቶ ሥሩ ከጠራ፣ ስቡ ከአንጀት የመጣው ካይሎማይክሮን ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ «በእርግጥ ጾሞ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሥሩም እንደደፈረሰ ካደረ ጉበት ራሱ ሠርቶ የለቀቀው ስብ አለበት። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

የደፈረሰ ሴረም ሌላም ጣጣ አለው፦ የመመርመሪያ ማሽኑን ያታልላል። ቢሊሩቢን ሳይጨምር ጨመረ ሊል ይችላል፤ ቀይ የደም ሕዋሳትም በቱቦው ውስጥ በቀላሉ ይፈርሳሉ። ወተት በመሰለ ናሙና ላይ ቢሊሩቢን ከፍ ብሎ ከታየ የውሻውን የዓይን ነጭና ድድ ማየት፣ ከዚያም በደንብ አስጹሞ መድገም እንጂ «ቢጫ ሆነ» ብሎ መሮጥ አይደለም። ውጤቱ በሚሊሞል ከተጻፈ ትራይግሊሰራይዱን በ88.6፣ ኮሌስትሮሉን በ38.7 ማባዛት ወደ ሚሊግራም በዴሲሊትር ይመልሰዋል። በጾም ትራይግሊሰራይዱ ከ500 በላይ የሆነ ውሻ ሕክምና ይገባዋል፤ ግቡም ከዚያ በታች አውርዶ ማቆየት ነው።

አሁን ወደ ምግቡ። «ስብ ይቀነስ» ማለታቸው ትክክል ነው፤ እንዲያውም ከመድኃኒት ሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። የሳቱት አለካኩን ነው። «ማሸጊያው ላይ ከ10 በመቶ በታች ስብ የተጻፈበትን ግዙ» ብለዋል። ይህ ምክር ሰውን በቀጥታ ወደ ስብ ይወስደዋል፤ ምክንያቱም በመቶኛው ውስጥ ውኃው ተቆጥሯል። ሒሳቡን እንሥራው። 12 በመቶ ስብ ያለውና በኪሎ 3,500 ኪሎካሎሪ የሚሰጥ ደረቅ ምግብ እንውሰድ። በኪሎው ውስጥ 120 ግራም ስብ አለ፤ 120ን በ3.5 ስናካፍል በየ1,000 ኪሎካሎሪው 34 ግራም ይወጣል። 4 በመቶ ስብ ያለው፣ በኪሎ 900 ኪሎካሎሪ የሚሰጥ የታሸገ እርጥብ ምግብስ? 40 ሲካፈል ለ0.9፣ 44 ግራም። «4 በመቶ» የተባለው ከ«12 በመቶው» ይሰባል ማለት ነው። 7 በመቶ ስብና 3,200 ኪሎካሎሪ ያለው ደረቅ ምግብ ደግሞ 22 ግራም ላይ ያርፋል። የደም ስቡ ለበዛ ውሻ የሚፈለገው በየ1,000 ኪሎካሎሪው ከ25 ግራም በታች ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው የስብ ቁጥር ብዙውን ጊዜ «ቢያንስ» የሚል ነው፤ እውነተኛው ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ አምራቹን በየ1,000 ኪሎካሎሪው ስንት ግራም ስብ እንዳለ መጠየቅ ከማስላትም ይሻላል።

«ጨርሶ ይውጣ» የሚለው ግን አይሆንም። ውሻ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለውን ስብ በራሱ አይሠራም፤ ለአዋቂ ውሻ ምግብ የተቀመጠው ዝቅተኛ የስብ መጠንም በየ1,000 ኪሎካሎሪው 13.8 ግራም ነው። ከዚህ በታች ሲወርድ ቆዳው ይደርቃል፣ ጠጉሩ ይነቃቀላል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ማስጾሙ ነው። ጸሐፊው ጾም ከረጢቱን «ያሳርፈዋል» ብለዋል። ከረጢቱ የሚጨመቀው ስብና ፕሮቲን ወደ አንጀት ሲገቡ በሚለቀቀው ኮሌሲስቶካይኒን በተባለ ሆርሞን ነው። ምግብ ካልገባ ሆርሞኑ የለም፤ ሆርሞኑ ከሌለ ሐሞቱ ተኝቶ ይውላል፣ ውኃው ይመጠጣል፣ ይወፍራል። ቀድሞውኑ ሐሞቱ ሊረጋ ለደረሰ ውሻ ከዚህ የባሰ «ዕረፍት» የለም። የዕለት ምግቡን በ2 ወይም በ3 ከፍሎ መስጠት ነው የሚሻለው። ለደም ምርመራ ከሚደረገው የ12 ሰዓት ጾም በቀር ማስጾም አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው በዋናው ምግብ ሳይሆን በጭማሪው ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን 600 ኪሎካሎሪ ገደማ ይበላል እንበል። በ25 ግራም ልኬት የቀን የስብ ድርሻው 15 ግራም ብቻ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት 4.5 ግራም ስብ ነው፤ ሲሶው ሄደ። ጸሐፊው ያለ መጠን የመከሩት የዓሣ ዘይትም ከዚህ ሒሳብ አያመልጥም። በእርግጥ ኦሜጋ 3 ትራይግሊሰራይድን ያወርዳል፤ ነገር ግን ለዚህ የሚፈለገው መጠን በኪሎ 220 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ለ10 ኪሎ ውሻ 2,200 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ተራው ባለ 1 ግራም ክኒን 300 ሚሊግራም ብቻ ስለሚይዝ 7 ክኒን፣ ማለትም 7 ግራም ስብ ያስፈልጋል፤ የቀኑን ድርሻ ግማሽ ሊበላ ምንም አልቀረው። የተጣራና የተከማቸ ዓይነት መምረጥ፣ መጠኑን በየሳምንቱ ቀስ እያሉ መጨመር፣ ስቡንም በቀኑ ሒሳብ ውስጥ መቁጠር ነው። የኮድ ጉበት ዘይት ለዚህ አይሆንም፤ ቫይታሚን ኤና ዲው በዚህ መጠን ይመርዛል።

ምግቡ ከተቀየረ ከ3 እስከ 4 ሳምንት በኋላ በጾም ደሙ ይደገማል። ካልወረደ መጀመሪያ የሚመረመረው ቤተሰቡ ነው፦ ከጠረጴዛ ሥር ማን ምን ይጥልለታል? ከዚያ በኋላ ነው የዓሣ ዘይትና፣ ካስፈለገ በሐኪም ትእዛዝ እንደ ቤዛፋይብሬት ያሉ መድኃኒቶች የሚመጡት።

የወይራ ዘይትና የሎሚ «እጥበት» ላይ ረጅም መጻፍ አያስፈልግም። ዘይት ከረጢቱን በኃይል ያስጨምቀዋል። ቱቦው የተወተፈ ወይም ግድግዳው የሳሳ ከሆነ ደግሞ መጨመቅ ማለት መቅደድ ነው። በቢላ የሚቆረጥን ንፍጥ በማንኪያ ዘይት የሚያወጣ ኃይል የለም። ትራይግሊሰራይዱ 1,000 ለተሻገረ ውሻ ዘይት መጋት ደግሞ የቆሽት ብግነትን በእጅ መጥራት ነው። «ከእጥበቱ በኋላ አረንጓዴ ድቡልቡል ነገር ወጣ» የሚለው ወሬም ከሰው የመጣ ነው፤ የሚታየው ዘይቱ ራሱ ከአንጀት ጨዎች ጋር ተቀይጦ ሳሙና የሆነው ነው።

ኡርሶ፣ በሙሉ ስሙ ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ፣ ጥሩ መድኃኒት ነው። ሐሞቱን ያቀጥናል፣ ፍሰቱን ያበዛል። የተለመደው መጠን በቀን በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፤ ከምግብ ጋር ሲሰጥ በተሻለ ይመጠጣል። ለ10 ኪሎ ውሻ ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ስለሚሆን ለሰው የተሠራው ባለ 250 ወይም 300 ክኒን እንዳለ አይሰጥም። ዋናው ግን ይህ ነው፦ የረጋውን ንፍጥ አያቀልጥም፤ ቱቦው ሙሉ በሙሉ በተዘጋ ውሻም አይሰጥም፤ መውጫ በሌለው ቦታ ፍሰት መጨመር ነውና። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም ዓይነ ምድሩ እንደ ጭቃ አመዳይ የሆነ ውሻ መጀመሪያ አልትራሳውንድ ይታያል፤ ክኒኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከሁሉም በላይ ልንከራከርበት የሚገባው «ካልታመመ አይነካ» የሚለው ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ አንድ እውነት ይዘዋል፦ አልትራሳውንድ ላይ የሚታይ አተላ ሁሉ በሽታ አይደለም፤ ብዙ ጤነኛ ውሾች አላቸው። ልዩነቱ የሚለየው ውሻውን በማገላበጥ ነው። ውሻው በጎኑ ተኝቶ ከታየ በኋላ ወደ ሌላው ጎን ይገለበጣል ወይም ይቆማል። አተላ ከሆነ እንደ ተናወጠ ዝቃጭ ይነሣና ቀስ ብሎ ወደ አዲሱ ታች ይሰፍራል። ከቦታው ንቅንቅ ካላለ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሙኮሲል ሲሆን በመሐሉ የረጋ ነገር፣ በዳሩ ደግሞ እንደ ኮከብ ጨረር የተበተኑ ነጫጭ መስመሮች ይታያሉ፤ ሲበስል ለሁለት የተቆረጠ ኪዊ ፍሬ ይመስላል። ስለዚህ የምርመራ ወረቀቱ ላይ «አተላ አለ» የሚል ብቻ ከሆነ መልሳችሁ ጠይቁ፦ ይንቀሳቀሳል? ግድግዳው ስንት ሚሊሜትር ነው፣ የተቋረጠበትስ አለ? የሐሞት ቱቦው ሰፍቷል? በከረጢቱ ዙሪያ የነጣ ስብ ወይም ፈሳሽ አለ? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ «አዎ» ከሆነ ቀጠሮ አይያዝም፤ በዚያው ቀን ወደ ቀዶ ሐኪም ነው።

ለሚንቀሳቀስ አተላ የደም ስቡን ማረምና በየ3 እስከ 6 ወሩ ደግሞ ማየት ይበቃል። መንቀሳቀስ ላቆመው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መድገም ያስፈልጋል። ኮከቡ ወይም ኪዊው ከታየ ግን፣ ውሻው እየሮጠ ኳስ እያመጣም ቢሆን፣ ስለ ቀዶ ሕክምና መነጋገሪያው ሰዓት ያ ነው። ከረጢታቸው በዕቅድ የወጣላቸውን ውሾች ታመው በድንገት ከተሠሩት ጋር ባነጻጸረ ጥናት ሞቱ በዕቅድ ከተሠሩት 2 በመቶ፣ ታመው ከተሠሩት 20 በመቶ ነበር። በእርግጥ የታመሙት ቀድሞውኑ የተጎዱ ናቸው፤ ልዩነቱ ሁሉ የጊዜ ብቻ አይደለም። ቢሆንም «እስኪታመም መጠበቅ» ማለት ውሻውን ከመጀመሪያው ወረፋ አውጥቶ በሁለተኛው ማሰለፍ ነው። የሚጠበቁት ምልክቶችም ማስታወክ፣ ምግብ መተው፣ ሆድ ሲነካ መቆጣት፣ የዓይን ነጭ ቢጫ መሆንና እንደ ጥቁር ሻይ የጠቆረ ሽንት ናቸው። ቢጫነቱ በዓይን የሚታየው ቢሊሩቢኑ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ምልክት አይደለም።

ቀዶ ሕክምናው ሲወሰን ባለቤቱ አስቀድሞ ሊያነሣቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ሐሞቱ ታፍኖ የቆየ ውሻ ቫይታሚን ኬ አይመጥጥም፤ ስለዚህ የደም መርጋት ምርመራና ካስፈለገ የቫይታሚን ኬ መርፌ ከቢላ ይቀድማል። በቀዶው ጊዜ ቱቦው ክፍት መሆኑ ይረጋገጣል፤ ቁራጭ ንፍጥ እዚያ ቀርቶ ከሆነ ከረጢቱን ማውጣት ብቻውን አያድንም። የከረጢቱ ግድግዳና ከጉበቱ የተቆረሰ ናሙና ለምርመራ፣ ሐሞቱ ደግሞ ባክቴሪያ እንዲታይበት ይላካሉ። ከቀዶው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት የሚያሰጉት የሐሞት መፍሰስና የቆሽት ብግነት ናቸው።

«ከረጢቱ ከወጣ ምግብ አይፈጭም» የሚለውስ? ሐሞት የሚሠራው ጉበት ነው፤ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። ሲወጣ ሐሞቱ ሳይጠራቀም ጠብ ጠብ እያለ በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል፤ ቱቦውም በመጠኑ ይሰፋል። መጀመሪያ ላይ ዓይነ ምድሩ ሊላላ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛው ውሻ እንደ ወትሮው ይበላል። የጉበት ኢንዛይሞቹ ግን ለወራት ከፍ እንዳሉ ሊቆዩ ስለሚችሉ አንድ ቁጥር አይቶ መደንገጥ አይገባም። የደም ስቡ ከከረጢቱ ጋር አብሮ አይወጣም። 25 ግራሙ፣ የ12 ሰዓቱ ጾምና የትራይግሊሰራይድ ክትትሉ ይቀጥላሉ፤ ከእንግዲህ ግን የሚጠበቀው ቆሽቱ ነው።